ስልክ ቤት የበላው ጆሮ

ሰው ስልክ ሲይዝ ለምን እንደሚጮህ እኔን ጠይቁኝ። ርቀቱን በጉሮሮው ሊሸፍነው ስለሚፈልግ ነው። በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህንኑ ስሰማ ኖርኩ። ጨንቻ የሚደውል ሰው እንደ ሰው ያወራል፤ ጨንቻ እዚሁ ከራሳችን በላይ ናት፣ ቀና ሲሉ ጉሟ ይታያል። ሶዶ የሚደውል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አዲስ አበባ የሚደውል ይጮኻል። አሥመራ የሚደውል ከሆነማ ወዮልኝ! መነጋገሪያው ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ያገሣል። «ኧረ ቀስ ብለው ቢናገሩም ይሰማል» ስለው «አንቺ ምን አገባሽ!» ይለኛል። ያ ሁሉ ጩኸት አሥመራ አይደርስም፤ የእኔው ጆሮ ውስጥ ነው የሚቀረው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ አሉ። ሁለት ጆሯቸውን በማዳመጫ ወትፈው፣ ዘፈኑ እኔ ድረስ እስኪሰማ ከፍተው በአጠገቤ ሲያልፉ ደሜ ይፈላል። እኔ እንኳ ሰማሁት ማለት ነው እንግዲህ፤ እኔ የሰማሁት ዘፈን ምን ያህል ቢከፈት እንደሆነ አስቡት። እኔስ ለእንጀራ ብዬ ነው። እነሱን ማን አስገደዳቸው? ብመክራቸው አይሰሙኝም፤ በምን ጆሯቸው ይስሙኝ!

የእኛ ማዳመጫ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚደረግ ነበር። ከራስ ላይ የሚታሰር የብረት ቅስት፣ ጫፉ ላይ ጆሮን ድፍን የሚያደርግ ጥቁር ክብ ነገር፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል መናገሪያ። ሁላችንም በቀኝ ጆሮ ነበር የምናደርገው፤ ለምን ቢባል ከእኛ በፊት የነበሩት በቀኝ ስላደረጉት። ፊት ለፊቴ ማገናኛው ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ ለየደንበኛው አንዳንድ ትንሽ ክዳን አለ። ደንበኛው ቤቱ ወይም ቢሮው ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያዞር የእሱ ክዳን ዱብ ይላል። እኔ ገመዱን እሰካለሁ፣ ቁልፉን እከፍታለሁ፣ «አቤት፣ ማንን ላገናኝ?» እላለሁ። ሥራው ይኸው ነው።

ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው። ቁልፉን ስከፍት ደንበኛው ማዞሩን ካላቆመ፣ ያ ደወል የሚያስጮኸው ኃይል በቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ድምፅ እንዳይመስላችሁ፤ ጥፊ ነው። ዓይን ሁሉ ያጨልማል። ጨዋ ሰው አንድ ጊዜ አዙሮ እጁን ይሰበስባል። ነጋዴዎቹ እንዲህ ነበሩ፣ አስተማሪዎቹም እንዲህ ነበሩ፣ ገረሴ ያለው የስልክ ሠራተኛማ እንዲያውም አዙሮ፣ ጠብቆ፣ «ይቅርታ አስቸገርኩሽ» የሚል ሰው ነበር።

የክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግን አንድ ጓድ ነበር። ካኪ ልብሱ እንዳይጨማደድበት ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሰላምታ ሲሰጡት ወደ ላይ የሚያይ፣ ከንፈሩን ሳያላቅቅ የሚናገር ጉረኛ። ያ ጓድ የስልክ እጀታ ሲይዝ እንደ ወፍጮ ነው የሚያዞረው። በኃይል ካዞረው አዲስ አበባ ቶሎ የምትመጣለት ይመስለዋል። ባዞረ ቁጥር ሹመቱም ከፍ የሚልለት ይመስለዋል መሰለኝ። «አቤት ጓድ» እላለሁ፣ እሱ ያዞራል። «ጓድ፣ መስመሩ ላይ ነኝ» እላለሁ፣ እሱ ያዞራል። በመጨረሻ እጁ ሲደክመው «ተኝታችኋል እንዴ!» ይለኛል። በየትኛው ጆሮዬ ልተኛ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራዬን ጨርሼ ማዳመጫውን አወለቅኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማዳመጫው ወለቀ፣ ጩኸቱ ግን አልወለቀም። ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ቀረ፣ ጋን ውስጥ እንደገባች ትንኝ ያለ። ነገ ይለቀኛል አልኩ። በማግስቱም አለ። ሥራ ላይ ስሆን በሌላው ጫጫታ ይዋጣል፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ እሱም ሥራውን ይጀምራል።

ለሰው ብነግር ሁሉም ሐኪም ሆነብኝ። ከእኔ ጋር የምትሠራው ኦፕሬተር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቀኝ ነው ግራ?» የሚል ነበር። «ቀኝ» አልኳት። «እንኳን ደስ ያለሽ! በደግ እያነሱሽ ነው» አለችኝ። ታዲያ ይኼ አገር ምን ያህል ቢወደኝ ነው ያለማቋረጥ በደግ የሚያነሳኝ? ሌላ ሥራ የለውም? ጎረቤቴ ደግሞ ጤና አዳም በዘይት አሙቃ «ዘንበል በይ» ብላ ጆሮዬ ውስጥ አንቆረቆረችው። ፉጨቱ እንዳለ አለ፣ ጆሮዬ ግን ወጥ ወጥ ሸተተ። ትንባሆ ጭሱን እፍ ይበልብሽ ያለችኝም ነበረች። እፍ የሚለው ባሏ ነው፤ ጉድ ነው፣ እኔ አልሄድኩም።

የስልክ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ገብቼ ነገርኩት። ኃላፊያችን የሰው ችግር ሲሰማ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። ሰዓቱን አየና «ግራው አለልሽ አይደል?» አለኝ።

«አለኝ።»

«እንግዲያው ወደ ግራ አዙሪው፣ ምን ችግር አለው!»

እንዲህ ነው የሚያስቡት። አንዱ ጫማ ሲያልቅ ሌላውን የምጫማ ነበር የመሰለው። ወጥቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት፤ ያንን እንኳ ከልቤ ነው ያደረግኩት።

ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ የሚለኝ ሰው ካለ ልንገረው። እኔ ዘማሪ ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጨንቻ በወላጆቼ ቤተ ክርስቲያን፣ ኋላም አርባ ምንጭ ወርጄ ሲቀላ ሰፈር በነበረችው ቤተ ክርስቲያናችን ሁለተኛ ድምፅ እዘምር ነበር። ሁለተኛ ድምፅ መዘመር ጉሮሮ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ድምፅ እየሰሙ፣ ከሥሩ እየሄዱ፣ እሱን ሳይነኩ እሱን መያዝ ነው፤ ሥራው የጆሮ ነው። ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም። መልክ አልተሰጠኝ፣ ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛ ላይ ቆሟል፣ በአማርኛዬ እንኳ ወንዱን ሴት እያደረግኩ የስልክ ቤት ሰው ሲስቅብኝ ይውል ነበር። ስዘምር ግን ማንም አይስቅብኝም። ጆሮዬ ከሄደ እኔ ምን እቀራለሁ? ይህን ነበር የምፈራው፣ ሌላ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ያኔ ታሽጋ ነበር። «የመጤ ሃይማኖት» ብለው ዘጓት። ማሸጊያውን ወረቀት በሩ ላይ ያስለጠፈው ማን እንደሆነ ትገምታላችሁ? ያው ጓድ ነው። ወንበሮቻችንን ለስብሰባ አዳራሽ ወሰዷቸው። የዘመርንባቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጠው መፈክር ያሰማሉ፤ ያውም ከቃናው የወጣ፣ ሰባራ መፈክር።

እኛ ግን መዘመር አልተውንም። ከጨንቻ የመጣ አንድ ሸማኔ ወንድም ነበረን፤ ቤቱ ለመንገዱ ቀረብ ያለ ነው፤ ጥበቡን የሚሠራው በረንዳው ላይ ነው። እሑድ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ አስተኝቶ ካድሬው ሁሉ ምሳውን በልቶ ሲያንኮራፋ፣ በጓሮ በኩል አንድ አንድ እያልን እንገባለን። እሱ በረንዳው ላይ የሽመና ዕቃውን ቃ ቃ ያደርጋል፤ እኛ በውስጠኛው ክፍል ከሹክሹክታ ጥቂት ከፍ ባለ ድምፅ እንዘምራለን። የሽመናው ድምፅ ይሸፍነናል። አንድ ሰው በመንገዱ ሲመጣ ካየ መሸመኑን ያቆማል። ዕቃው ዝም ሲል እኛም ዝም ነው፤ ቃሉ ግማሽ ላይ ቢሆን እንኳ እዚያው ይቆረጣል። በሹክሹክታ ሁለተኛ ድምፅ መያዝ ምን ያህል ጆሮ እንደሚፈልግ የሞከረው ያውቀዋል።

ስለዚህ ጤና አዳሙንም ኃላፊውንም ትቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ፣ ላቡ የማይደርቅለት ፈረንጅ ነበር። ጆሮዬን በመብራት አየ፣ ሹካ የመሰለች ብረት አስጩሆ አስደመጠኝ፣ ስለ ሥራዬ አስጠየቀኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ረዥም ንግግር አደረገ። ጆሮውን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ይገልጣል፣ ጣቱን ያወዛውዛል፣ በእጁ ውኃ ሲፈስ ያሳያል። አስተርጓሚው ግድግዳውን ተደግፎ በክብሪት እንጨት ጥርሱን ሲፈለፍል ቆየና «ታገሺ ነው የሚልሽ» አለኝ።

«ያን ሁሉ ተናግሮ?»

«አዎ፣ ታገሺ።»

«ውኃውስ? ስለ ውኃ የሆነ ነገር አሳይቷል እኮ።»

«ውኃ ጠጪ ነው።»

ጉድ በሉ እንግዲህ! ሐኪሙ ግን ፊቴን አይቶ ነገሩ እንዳልደረሰኝ ገባውና አስተርጓሚውን ትቶ ለእኔው በቀጥታ፣ እሱም በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ደግሞ ደጋግሞ አስረዳኝ። የተጎዳው አይመለስም፤ መድኃኒት የለውም። የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል። ከከባድ ጩኸት ራቂ፣ ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ አትጫኚው፣ በየመሀሉ ጆሮሽን አሳርፊው። ጭር ባለ ቤት ብቻሽን ተቀምጠሽ ፉጨቱን አታዳምጪው፤ ባዳመጥሽው ቁጥር ይበረታል። ለስለስ ያለ ድምፅ፣ እንደ ወራጅ ውኃ ያለ፣ አጠገብሽ ይኑር። ይህ ነው «ታገሺ» የተባልኩት። በዚያ አስተርጓሚ ስንቱ በሽተኛ ውኃ ጠጥቶ እንደሞተ እግዚአብሔር ይወቀው።

የተባልኩትን አደረግኩ። ግራ ጆሮዬን ለማዳመጫ እንደማልሰጥ ቆረጥኩ፤ እሷ ለዝማሬ ናት አልኩ። በቀኜ መሥራቴን ቀጠልኩ፣ ግን ክቡን ነገር ጆሮዬ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ፊት፣ ጉንጬ አጥንት ላይ አሳርፈዋለሁ። የተባዘተ ጥጥ ለዚህ አገር ብርቅ አይደለም፤ ከሱ ቆንጥሬ እወትፋለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቁልፉ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ክዳን ዱብ ሲል ገመዱን እሰካና እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ያ ጓድ ወፍጮውን ይፍጭ፣ ይፍጭ፣ እስኪደክመው። ሲያቆም ከፍቼ በለሰለሰ ድምፅ «አቤት ጓድ» እላለሁ። ደስ ሲል! አደባባዩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሲለቁ ዞሬ በጓሮ መንገድ እሄዳለሁ። ከሥራ ስወጣ ምንጮቹ ወዳሉበት ወረድ ብዬ ውኃው ሲንዶቆዶቅ እየሰማሁ ጥቂት እቀመጣለሁ። ፉጨቱ አልጠፋም፤ ግን እሱም እዚያ፣ እኔም እዚህ፣ እንደ ክፉ ጎረቤት ተላምደን መኖር ጀመርን። ግራዬ ንጹሕ ነበረች። እሑድ ስዘምር ራሴን ወደ ግራ ዘንበል አደርግና ቃናውን በሷ እይዛለሁ።

ይህ ሰላም ዕድሜው አጭር ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ሂስና ግለሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ ሠራተኛው ይሰበሰባል፣ አንዱ ተነሥቶ ሌላውን ይወቅሳል፣ የተወቀሰውም ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል፣ ከዚያ ሁሉም ሻይ ይጠጣል። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔ ላይ ደረሰ። ያ ጓድ ራሱ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኃላፊያችን ተነሣና «አንዳንድ ጓዶች» አለ፣ እኔን እያየ፣ «የአብዮቱ ስልክ ሲጠራ ቶሎ አያነሡም። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አርቀው ይይዛሉ። ጥጥ ይወትፋሉ። ይህ የግለኝነት ዝንባሌ ነው፣ ወደ አሻጥርም ሊያድግ ይችላል።» እንደ እኔ ያሉ ኦፕሬተሮች ወለሉን ማየት ጀመሩ። በደግ እያነሱሽ ነው ያለችኝ ያቺ እንኳ ጫማዋን ታያለች።

ተነሥቼ ነገሩን አስረዳሁ። እጀታው ሲዞር ምን እንደሚሆን፣ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ፣ አንድ ጊዜ አዙሮ መጠበቅ ብቻ እንደሚበቃ። ያ ጓድ ሳቀ። «ግንባር ላይ መድፍ የሚተኩሱ ጓዶች አሉን። አንቺ የስልክ ደወል ጎዳኝ ትያለሽ» አለ። ሁሉም ሳቀ። መሳቅ ግዴታ ነበር። ከዚያ ውሳኔ አሳለፉ፦ የጽሕፈት ቤቱ ክዳን እንደወደቀ ቁልፉ በዚያው ቅጽበት ይከፈታል፤ ማዳመጫው ከጆሮ አይርቅም፤ ጥጥ የለም።

«ግለሂስሽን አድርጊ» አለኝ ኃላፊው።

«ጆሮዬን ከሰፊው ሕዝብ ጥቅም አስበልጬ በማየቴ ራሴን እሂሳለሁ» አልኩ። በምፀት ነበር ያልኩት። አጨበጨቡልኝ! ያ ጓድ እንኳ ራሱን ነቅንቆ «ጥሩ ነው፣ ይህ ዕድገት ነው» አለ። እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ነበሩ እንግዲህ የሚገዙን፤ ሲሰድቧቸው እንኳ የማይገባቸው።

ከዚያ በኋላ ቀኜ ደህና ሰንብቺ አለችኝ። ከፉጨቱ በቀር የምትሰማው ነገር እየቀነሰ ሄደ። ግራዬን ግን አልሰጠሁም። ደንበኛ «አይሰማሽም እንዴ?» እያለ ሲሰድበኝም፣ ኃላፊው ሲገላምጠኝም አልሰጠሁም።

የሰጠሁት ለአንዲት እናት ነው። ከጫኖ ናት፤ ሙዝ እየሸጠች የምትኖር፣ ከጋሞኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማታውቅ ሴት። ልጇ ውትድርና ተወስዶ ቆስሎ አሥመራ ሆስፒታል ተኝቷል። ይደውላል ተብሎ ተነግሯት ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ መስመሩ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ አስገባኋት። ወዲያው ወጣች፤ «ዝም ነው የሚለው፣ ሞቷል?» አለችኝ። መስመሩ ሲደክም ኦፕሬተሯ መሀል ገብታ የአንዱን ለአንዱ ማቀበል የተለመደ ነው። ቁልፉን ከፈትኩ። በቀኜ ፉጨት ብቻ። ጓደኛዬ በዚያ ቀን ስብሰባ ሄዳለች፤ ብትኖርም ጋሞኛ አትችልም። እናትየዋ መስኮቴን በሁለት እጇ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ማዳመጫውን ወደ ግራ አዞርኩት።

ልጁ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ያህል ሩቅ ነው፣ ግን አለ። «እናቴ አለች? ደህና ናት?» ይላል። አቀበልኳት። «በእግሩ ይቆማል? ጠይቂልኝ፣ የኔ ልጅ፣ በእግሩ ይቆማል?» አለችኝ። ጠየቅኩት። «በሁለት እግሬ ነው የቆምኩት በያት። ይፈቅዱልኛል፣ ለመስቀል እመጣለሁ በያት» አለኝ። በጋሞኛ ስነግራት ያቺ ሴት እዚያው መስኮቴ ሥር ተንበረከከች።

በዚህ መሀል የጽሕፈት ቤቱ ክዳን ዱብ አለ።

ኃላፊው ከጀርባዬ ቆሟል። ቁልፉን ሳልከፍት አንድ ጊዜ አየሁት፤ በአገጩ ወደ ክዳኑ ጠቆመኝ። ማዳመጫውን ላዞር እጄን አነሣሁ፤ «ቶሎ!» አለ። ከፈትኩት። ያ ጓድ እያዞረ ነበር፣ በሙሉ ክንዱ፣ እንደ ልማዱ። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ብረት የገባ መሰለኝ። ከወንበሬ ላይ ተንሸራትቼ ሰሌዳውን ይዤ ተረፍኩ። ድምፁን ስሰማ ከባሕር ማዶ ነበር የሚመስለው። የፈለገው ምን ነበር መሰላችሁ? ዓሣ! እንግዶች አሉበት፣ ከሐይቁ ትኩስ ዓሣ በቶሎ እንዲላክለት ለአስጋሪዎቹ እንድነግርለት ነው። ለዓሣ ነው ያን ያህል ያዞረው።

ወደ ልጁ መስመር ስመለስ በሁለቱም ጆሮዬ ፉጨት ብቻ ነበር። እናትየዋ ተነሥታ «ጨረሰ?» አለችኝ፤ ከከንፈሯ ነው ያወቅኩት። «ጨርሷል፣ እናቴ። ለመስቀል ይመጣል» አልኳት። እጄን ስማ ሄደች። ለእሷ ጆሮዬን በመስጠቴ ተጸጽቼ አላውቅም። ዓሣው ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምንጮቹ ጋ ወርጄ ተቀመጥኩ፣ ውኃው ሲፈስ አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ ሲደርስ እንደ ወትሮዬ በጓሮ ገባሁና በቦታዬ ቆምኩ። መዝሙሩን ጀመሩት፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቼ ገባሁ። የመጀመሪያውን ድምፅ ፈለግኩት። ወደ ግራ ዘንበል አልኩ፣ የለም። ወደ ቀኝ ዘንበል አልኩ፣ የለም። ይገኝልኝ እንደሆነ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፄን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። የራሴ ድምፅ ከፉጨቱ በላይ ወጥቶ ደረቴ ላይ ሲሰማኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ጨመርኩበት። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገች ወዲህ እንደዚያ ከልቤ ዘምሬ አላውቅም።

የሰው እጅ አፌን ሲይዘኝ ዓይኔን ገለጥኩ። ሁሉም ቆመው፣ አፋቸውን ዘግተው፣ እኔን ያያሉ። አንዲቱ እህት ታለቅሳለች። በመጋረጃው ክፍተት ሸማኔው ይታየኛል፤ እጁ ዕቃውን እንደያዘ ደርቋል፤ ከፊቱ ጠመንጃ ያንጠለጠለ የቀበሌ ጥበቃ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ ዕቃው ዝም እንዳለ አላውቅም። ምን እንደተባባሉም አልሰማሁም። ኋላ እንደነገሩኝ ሸማኔው «ዘመዴ ናት፣ አእምሮዋን ታማ ከጨንቻ አምጥተዋት ነው፣ እንዲህ ያደርጋታል» ብሎታል። ጥበቃውም «እግዜር ይማራት» ብሎ አለፈ።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። አንድ አንድ እያሉ ወጡ። የመዘምራኑ መሪ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ለስላሳ ሰው፣ እስከ ጓሮው አጥር ሸኘኝ። እዚያ ቆም ብሎ መሬት መሬቱን እያየ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አልከኝ? አልሰማሁህም» አልኩት።

ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ በእጁ ከልሎ፣ ጆሮዬ ሥር ጠንከር ባለ ድምፅ እንደገና ነገረኝ፦ «እኅቴ፣ ከእንግዲህ አንቺ በጸሎት አግዢን።»